የላቲሜሪያ ቻሉምኔ ስም አመጣጥና ትርጓሜ

ይህን አጭር ጥናት ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ የራሴ ስሕተት ነው። በአንድ የሥነ እንስሳት መጽሐፍ ውስጥ የእንግዳ ዓሣ ሥዕል አየሁና ከሥሩ «ላቲሜሪያ ቻሉምኔ» የሚል ስም ተጽፎ አገኘሁ። ጥቂት ላቲን የቀመሰ ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ስሙን ለመፍታት ሞከርሁ። «ላቱስ» ሰፊ ማለት ነው፤ «ካሉምኒያ» ደግሞ የሐሰት ክስ ነው። ሁለቱን ባጋጥማቸው «በሐሰት የተከሰሰው ሰፊ ዓሣ» የሚል ትርጕም ወጣልኝ። ለጓደኞቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ለጥቂት ቀናት አምኜው ነበር።

ነገሩ ሲመረመር በስሙ ውስጥ የላቲን ቃል አንድም አልተገኘም። የላቲን የሆነው የቃላቱ ጭራ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቃል የአንዲት ሴት የቤተሰብ ስም ነው። ሁለተኛው የአንድ ወንዝ ስም ነው፤ ወንዙም የሚፈሰው በደቡብ አፍሪካ ነው። ስለ ዓሣው ክንፍ፣ ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ ቀለሙ የሚናገር ነገር የለበትም። ታዲያ ትርጕሙ ምንድን ነው ቢባል፣ እኔ እንደማየው ይህን የመሰለ ስም እንደ ውል ወረቀት የሚነበብ የታሪክ ሰነድ ነው። በዕለቱ እነማን እንደ ነበሩ፣ ብዕሩን ማን እንደ ያዘ፣ በምስክርነት እንኳ ማን እንዳልተጠራ ይነግረናል። ከዚህ በታች ስሙን በዚህ ዓይን ለማንበብ እሞክራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ስም አወጣጡ ሥርዓት ጥቂት ቃል ማለት ያስፈልጋል። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 ዓ.ም. በታተመው በአሥረኛው የመጽሐፋቸው እትም ለእንስሳት ሁሉ ባለሁለት ቃል ስም የመስጠትን ልማድ አጸኑ። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። ከዚያም በኋላ ሊቃውንት ተሰብስበው ሕግ አወጡ። ከሕጉ ሁሉ የበላዩ የቀደምትነት ሕግ ነው፤ ለአንድ ፍጥረት ሁለት ስም ቢወጣለት በሥርዓቱ አስቀድሞ የታተመው ይጸናል፣ የኋለኛው ይወድቃል። ስሙ ከእንስሳው ጠባይ ጋር ባይስማማ እንኳ ስለዚህ ብቻ አይሻርም። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስ እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የዓሣው ነገድ በሙሉ የሚጠራበት ስም ከላቲሜሪያ በመቶ ዓመት ይበልጣል። በ1839 ዓ.ም. የስዊሱ ተወላጅ ሉዊ አጋሲ፣ የቅሪተ አካል ዓሦችን ሲመረምሩ፣ ከእንግሊዝ አገር ድንጋይ ውስጥ የወጣ አንድ የዓሣ ጅራት አገኙ። የጅራቱ አጥንቶች እንደ ሸምበቆ ውስጣቸው ክፍት ሆኖ ስላዩ፣ «ኮይሎስ» (ክፍት) እና «አካንታ» (እሾህ) የሚሉትን የጽርዕ ቃላት አጋጥመው «ሴላካንቱስ» አሉት። ይህ ስም እንደ ጥንቱ ደንብ የወጣ ነው፤ ዓይን ያየውን ይናገራል። ይሁን እንጂ አጋሲ ስም ያወጡት ለአንድ የድንጋይ ጅራት መሆኑን ልብ ይሏል። በሕይወት ያለ ሴላካንት ያየ የሳይንስ ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ አያለሁ ብሎ የጠበቀም የለም። የዚህ ነገድ ቅሪቶች ከ400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ባሉት የድንጋይ ንብርብሮች ውስጥ ይገኛሉ፤ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ባሉት ግን ስለማይታዩ፣ ከግዙፎቹ ተሳቢ እንስሳት ጋር አብሮ የጠፋ ነገድ ነው ተብሎ ተዘግቶ ነበር።

የተዘጋውን መዝገብ የከፈተችው ወደብ ኢስት ለንደን ትባላለች። ከእንግሊዝ ዋና ከተማ ጋር የሚያገናኛት ስሟ ብቻ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ትንሽ ቤተ መዘክር ነበር፤ ኀላፊዋም ወይዘሪት ማርጆሪ ኮርትኔይ ላቲመር ይባሉ ነበር። በ1907 ዓ.ም. የተወለዱ ሲሆኑ ሥራውን የያዙት በ1931 ዓ.ም. በ24 ዓመታቸው ነው። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ነርስ ለመሆን አስበው ሳለ ነው ወደ ቤተ መዘክሩ የተጠሩት። ከወደቡ መርከበኞች ጋር ስለተላመዱ፣ የመረብ መርከቦች ካፒቴኖች እንግዳ ነገር ባጠመዱ ቍጥር እየለዩ ያቈዩላቸው ነበር።

በታኅሣሥ 22 ቀን 1938 ዓ.ም. ካፒቴን ሄንድሪክ ጉሰን ኔሪን የምትባለውን መርከብ ይዘው ወደብ ገቡ። የገና በዓል ቀርቦ ነበር። ወይዘሪት ላቲመር የአንድ ጥንታዊ ተሳቢ አጥንት በመገጣጠም ላይ ስለ ነበሩ መሄዱን ብዙም አልወደዱትም፤ ሆኖም መርከበኞቹን እንኳን አደረሳችሁ ልበል ብለው ኢኖክ ከተባለ ረዳታቸው ጋር በታክሲ ወረዱ። በመርከቡ ላይ ከተከመሩት ሻርኮች ሥር አንድ ሰማያዊ ክንፍ አዩ። ክምሩን ገለል ሲያደርጉ አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል፣ 57 ኪሎ የሚመዝን፣ ቅርፊቱ እንደ ጥሩር የጠነከረ ዓሣ ወጣ። ክንፎቹ እንደ ሌላ ዓሣ ከአካሉ በቀጥታ አልበቀሉም፤ ሥጋ ባለው አጭር ክንድ ጫፍ ላይ ተተክለዋል። የታክሲው ነጂ ዓሣውን አልጭንም ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ግን ተጫነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከግኝቱ የሚበልጥ ነው። ወቅቱ በዚያ አገር በጋ ነው፤ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ዓሣው መሽተት ጀምሯል። በቤተ መዘክሩ ሊያስቀምጠው የሚችል ዕቃ የለም። ወይዘሪት ላቲመርና ኢኖክ ዓሣውን በእጅ ጋሪ እየገፉ ወደ ሬሳ ማቈያ ቤት ወሰዱት፤ እንቢ ተባሉ። ወደ ቀዝቃዛ መጋዘን ወሰዱት፤ እዚያም እንቢ ተባሉ። የቤተ መዘክሩ የበላይ ኀላፊ ነገሩን ንቀው ተራ የዓለት ዓሣ ነው ብለው ሸኟቸው። እኒያ ሴት ግን ይህ ተራ ዓሣ እንዳልሆነ ዓይናቸው ነግሯቸዋልና አልተመለሱም። በፎርማሊን የተነከረ ጋዜጣና አንሶላ ጠቀለሉበት፤ በማግሥቱም በእጃቸው ሥዕሉን ነድፈው ከደብዳቤ ጋር በግራሃምስታውን ከተማ በሮድስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ ለነበሩት ለዶክተር ጄ. ኤል. ቢ. ስሚዝ ላኩ። ዶክተር ስሚዝ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ዓሣን የሚመረምሩት ከመደበኛ ሥራቸው በተረፈ ጊዜ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ወንድሞቻችን ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚላቸው አምናለሁ።

ደብዳቤው ግን በፍጥነት አልደረሰም። ዶክተር ስሚዝ ለዕረፍት ናይስና ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄደው ስለ ነበር፣ እጃቸው የገባው በጥር 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ነው። ሥዕሉን ባዩ ጊዜ አጥንቱና የሚተነፍስበት ስንጥቡ እንዲጠበቅ በቴሌግራም አስታወቁ። ቴሌግራሙ ዘገየ። ፎርማሊኑ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ቀርቶ ሆድ ዕቃው ስለበሰበሰ ተጥሏል፤ ቈዳው ተገፎ ለማሳያ ተሞልቷል። ዶክተር ስሚዝ ኢስት ለንደን ደርሰው ዓሣውን በዓይናቸው ያዩት በየካቲት 16 ቀን ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አልቋል የተባለው ነገድ ማስረጃ፣ ቈዳውና የራሱ አጥንት ብቻ ቀርቶ ቆመ። በመጋቢት 18 ቀን 1939 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ስሙ ታተመ።

አሁን ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው። «ላቲሜሪያ» የሚለው ላቲመር ከሚለው ስም ላይ «ኢያ» የሚል የላቲን ጭራ ተጨምሮበት የተሠራ ነው። ሙሉው የቤተሰብ ስም ኮርትኔይ ላቲመር ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ በመንገድ ቀርቷል። ይህ ትንሽ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ዶክተር ስሚዝ የወገን ስም በሚያህል የክብር ቦታ ላይ ያለ ዲግሪ የምትሠራን ሴት ማስቀመጣቸው ነው። በዚያ ዘመን የሊቃውንትን ስም ሊቃውንት ሲለዋወጡት፣ የገዥና የነጋዴ ስም ለውለታ ሲሰጥ ይታይ ነበር። የዓሣው ሆድ ዕቃ በመጣሉ አንዳንድ ሰዎች ወይዘሪት ላቲመርን ቢወቅሱም፣ ዶክተር ስሚዝ ግን ስሙን በዚህ መልክ በማውጣታቸው ዓሣው የዳነው በእርሳቸው ጥረት መሆኑን መስክረዋል። እኔ ፍርዳቸው ትክክል ነበር እላለሁ። ወይዘሪት ላቲመር በ2004 ዓ.ም. በ97 ዓመታቸው ዐርፈዋል፤ ዓሣውም እስከ ዛሬ በዚያው በኢስት ለንደን ቤተ መዘክር ውስጥ አለ።

ነገር ግን ፍርዱ ትክክል ነው ማለት ምሉእ ነው ማለት አይደለም። መረቡን የጣሉት ካፒቴን ጉሰን በስሙ ውስጥ የሉም። ጋሪውን በዚያ በጋ አብሮ የገፋው ኢኖክም የለም። ስለ ኢኖክ በታሪኩ ውስጥ ተደጋግሞ የሚነገረው ይህ አንድ ስም ብቻ ነው፤ የአባቱ ስም እንኳ ሲጠራ አላገኘሁም። በአገራችን አንድ ሰው ከነአባቱ ካልተጠራ ማን እንደ ሆነ አይታወቅምና፣ ይህን ስጽፍ ቅር ብሎኛል።

ሁለተኛው ቃል «ቻሉምኔ» የቻሉምና ማለት ነው፤ በላቲን ሰዋስው አገናዛቢ ነው። ዓሣው የተያዘው በቻሉምና ወንዝ አፍ ፊት ለፊት፣ ከኢስት ለንደን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ 70 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ባሕር ነው። አንባቢ ይህን ብቻ ይዞ ቢሄድ ዓሣው የወንዝ ዓሣ ይመስለዋል፤ ወይም ቤቱ በዚያ አቅራቢያ ነው ይላል። ሁለቱም አይደለም። ሐንስ ፍሪኬ የተባሉ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በትንሽ ሰርጓጅ መርከብ እየወረዱ በኮሞሮስ ደሴቶች ጠረፍ እንዳዩት፣ ላቲሜሪያ ቀኑን በባሕር ሥር ባሉ የእሳተ ገሞራ ዋሻዎች ውስጥ ያሳልፋል፤ ሌሊት ወጥቶ ያድናል። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ከ100 እስከ 300 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ነው። ወንዙ የገባበት ካፒቴኑ መረብ የጣሉበትን ስፍራ ለማመልከት ብቻ ነው። ስሙ እንግዲህ ስለ ዓሣው አገር የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው፤ ስለ አንድ ሐሙስ ዕለት ግን ብዙ ይነግረናል።

በወንዙ ስም ውስጥ ሌላ ታሪክ አለ። «ቻሉምና» እንግሊዞች በጆሯቸው የሰሙት ነው። የአገሩ ሰዎች ኮሳዎች ወንዛቸውን «ትዮሎምንቃ» ይሉታል። እኔ እዚህ በ«ቃ» የጻፍሁት ድምፅ በኛ ፊደል የሚጻፍ አይደለም፤ ምላስ ከላንቃ ላይ በኀይል ስትላቀቅ የሚሰማ፣ ጠርሙስ ሲከፈት የሚመስል ድምፅ ነው። እንግሊዛዊው ካርታ ሠሪ ይህን ድምፅ ሊጽፈው ስላልቻለ ተወው። በደቡብ አፍሪካ ዘረኛው ሥርዓት ካበቃ በኋላ ብዙ የቦታ ስሞች ታርመዋል፤ ወንዙ ዛሬ በኮሳው ስሙ ይጻፋል፤ የዶክተር ስሚዝ ከተማ ግራሃምስታውንም ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ማካንዳ ተብላለች። የዓሣው ስም ግን ሊታረም አይችልም። የእንስሳት ስም አወጣጥ ዓለም አቀፍ ሕግ፣ ከሌላ ቋንቋ ሲገለበጥ የተበላሸ አጻጻፍን እንደ ድንገተኛ ስሕተት አይቈጥረውም፤ መጀመሪያ በታተመበት መልክ ይጸናል። ስለዚህ ካርታው ከታረመም በኋላ፣ የተበላሸው የወንዙ ስም በአንድ ዓሣ ጀርባ ላይ ተጭኖ ይኖራል። ለታሪክ ተማሪ ይህ የሚያስቈጣም የሚጠቅምም ነገር ነው። ስሞች ሁሉ በየጊዜው ቢታረሙ ኖሮ፣ እኔ ዛሬ ያ ወንዝ በማን ጆሮ እንደ ተሰማ ከዓሣው ስም ማንበብ አልችልም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የወደቀው ስም ነው። ዶክተር ስሚዝ ያልተበላሸ ሁለተኛ ዓሣ ለማግኘት 14 ዓመት ፈለጉ። የዓለም ጦርነት መጣና ፍለጋውን አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላ የዓሣው ሥዕል ያለበት፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በፖርቱጋልኛ የተጻፈ ማስታወቂያ በአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ አሰራጩ፤ ላገኘም 100 ፓውንድ ሽልማት ተስፋ ሰጡ። ኤሪክ ሃንት የተባለ መርከበኛ ነጋዴ ማስታወቂያውን ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አደረሰ። በታኅሣሥ ወር 1952 ዓ.ም. በአንጁዋን ደሴት ዶሞኒ በሚባል ስፍራ አሀማዲ አብደላ የተባለ ዓሣ አጥማጅ አንድ ትልቅ ዓሣ ይዞ ወደ ገበያ ወሰደው። አፋኔ መሐመድ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር አየና፣ በማስታወቂያው ላይ ያለው ዓሣ መሆኑን ዐወቀ። ከዚያም ዓሣውን በተራራ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው መርከቡ ወዳለበት ወደ ሙትሳሙዱ አደረሱት። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ መምህር ባይኖር ዓሣው በዚያው ቀን ተቈራርጦ ይሸጥ ነበር።

ዶክተር ስሚዝ ወሬው ሲደርሳቸው የገና ሰሞን ነበርና አውሮፕላን አላገኙም። በመጨረሻ ለደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ለዳንኤል ማላን በስልክ ለመኑ። ማላን በ1948 ዓ.ም. ሥልጣን ይዘው የዘር መለያየትን ሥርዓት በሕግ ያቆሙት ሰው ናቸው፤ አስቀድሞም የኔዘርላንድ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦር አውሮፕላን ፈቀዱ። ዶክተር ስሚዝ በታኅሣሥ 29 ቀን በማዮት ደሴት አጠገብ ደርሰው በሃንት መርከብ ላይ የተቀመጠውን ዓሣ ባዩ ጊዜ አለቀሱ። ዓሣው የፊተኛው የጀርባ ክንፍ አልነበረውም። ስለዚህ ይህ ከላቲሜሪያ የተለየ አዲስ ወገን ነው ብለው ፈረዱና በጥር 1953 ዓ.ም. በዚያው በኔቸር መጽሔት «ማላኒያ አንጁዋኔ» የሚል ስም አወጡለት። የማላን የሆነው፣ የአንጁዋን ደሴት ማለት ነው።

ይህን ስም ከመጀመሪያው ጋር ማስተያየት ይገባል። ሰዋስዉ አንድ ነው፤ የሰው ስም በፊት፣ የቦታ ስም በኋላ። ምክንያቱ ግን ይለያያል። በላቲሜሪያ የተከበረው ዓሣውን ያዳነ እጅ ነው፤ በማላኒያ የተከበረው አውሮፕላን የፈቀደ ሥልጣን ነው። ዶክተር ስሚዝን በቀላሉ መውቀስ አልሻም። አውሮፕላኑ ባይመጣ ኖሮ በዚያ ሙቀት ዓሣው እንደ ፊተኛው ይበሰብስ እንደ ነበር ጥርጥር የለውም፤ ውለታም ውለታ ነው። ነገር ግን አፍሪካውያንን በገዛ አገራቸው ባዕድ ያደረገ ሰው ስም፣ አንድ አፍሪካዊ አጥምዶት፣ ሌላ አፍሪካዊ ለይቶት፣ በትከሻ ተራራ ባሻገረው ዓሣ ላይ እንዲለጠፍ መደረጉን ያለ ሐዘን ማንበብ አይቻልም። በዚያ ስም ውስጥ ለአሀማዲ አብደላም ለአፋኔ መሐመድም ስፍራ አልተገኘም።

ስሙን የሻረው ግን ፍትሕ አይደለም፤ የተነከሰ ክንፍ ነው። ኮሞሮስ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ግዛት ሥር ስለ ነበረች፣ ፈረንሳዮች ዓሣው ወደ ደቡብ አፍሪካ መወሰዱ አስቈጥቷቸው ምርምሩን ለራሳቸው ሊቃውንት ብቻ አደረጉት። ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የተያዙትን ዓሦች ዣክ ሚሎ የተባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ ከጓደኞቻቸው ጋር መረመሩ። ሁሉም የፊተኛ የጀርባ ክንፍ ነበራቸው። የአንጁዋኑ ዓሣ ክንፉን ያጣው ምናልባት በልጅነቱ በደረሰበት ጕዳት ነበር፤ ጅራቱም እንደዚሁ የተበላሸ ነው። እንግዲህ ዝርያው ያው ላቲሜሪያ ቻሉምኔ ነው፤ በቀደምትነት ሕግ መሠረትም «ማላኒያ» ወደቀ፤ ዛሬ ከመዝገብ ዝርዝር በቀር የሚጠራው የለም። ሕጉ ማላን ማን እንደ ሆኑ አልጠየቀም። ዓሣው በእውነት አዲስ ወገን ሆኖ ቢገኝ ኖሮ፣ ያ ሥርዓት በ1994 ዓ.ም. ከፈረሰም በኋላ ስሙ ጸንቶ ይኖር ነበር።

የኮሞሮስ ሰዎች ዓሣውን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር። «ጎምቤሳ» ይሉታል። ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሌሊት ረጅም ገመድ ወደ ጥልቁ ሲሰዱ አልፎ አልፎ በመንጠቆ ይመጣል፤ ሥጋው ቅባት የበዛበት ስለሆነ ብዙ አይወደድም። ሻካራ ቅርፊቱን የተበሳ የብስክሌት ጎማ ለመጠገን፣ ላስቲኩን ለመፈግፈግ ይጠቀሙበት እንደ ነበር ይነገራል። ለዓለም ሊቃውንት የጠፋው ነገድ፣ ለእነርሱ ጎማ መፈግፈጊያ ነበር ማለት ነው። ይህም ስም ወደ ላቲኑ አልገባም።

የአገሩ ስም ወደ ላቲን መግባት አይችልም ነበርን? ይችል ነበር። ምስክሩ ከቤታችን አለ። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ስለ ሰሜን ተራሮች እንስሳት ሲጽፉ ዋልያን «ካፕራ ዋሊ»፣ ጭላዳን «ገላዳ» ብለው በአገሩ ስም መዘገቡ። ጤፍም በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» ነው። እነዚህን ስሞች የሚያነብ የውጭ አገር ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ይማራል፤ ፍጥረቱ ከመመዝገቡ በፊት ባለቤትና ስም ነበረው። ላቲሜሪያን የሚያነብ ግን ይህን አይማርም።

ተመሳሳይ ነገር በእስያ ተደገመ። በ1997 ዓ.ም. ማርክ ኤርድማን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባለቤታቸው ጋር በኢንዶኔዢያ በማናዶ ከተማ የዓሣ ገበያ ሲያልፉ በጋሪ የሚወሰድ ሴላካንት አዩ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ዓሣ አጥማጆች በሕይወት ያለ አንድ አመጡላቸው። የአገሩ ሰዎች «ራጃ ላውት» ይሉታል፤ የባሕር ንጉሥ ማለት ነው። ኤርድማንና ጓደኞቻቸው ምርምራቸውን ሳይጨርሱ፣ በ1999 ዓ.ም. ሌሎች ተመራማሪዎች ቀድመው «ላቲሜሪያ ሜናዶኤንሲስ» ብለው ስም አወጡ። «ኤንሲስ» የዚያ ቦታ ተወላጅ ማለት ነው። «ሜናዶ» ደግሞ ሆላንዶች በገዥነታቸው ዘመን ከተማይቱን የጻፉበት ልማድ ነው፤ የዛሬዋ ከተማ ማናዶ ናት። እንደ ቻሉምናው ሁሉ ይህም አይታረምም። የወይዘሪት ላቲመር ስም ግን አይተዋት በማያውቋት ባሕር ሁለተኛ ዝርያ ወረሰ።

በነገሩ ላይ አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ልጨምር። ኮሞሮስ በ1975 ዓ.ም. ነጻነቷን አወጀች፤ የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድኗም በዚሁ ዓሣ ይጠራል። ተጫዋቾቹ በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ በካሜሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲሰለፉ ጋዜጦች «ሴላካንቶቹ» ብለው ጻፉላቸው፤ ይኸውም አጋሲ ከእንግሊዝ ድንጋይ ላገኙት ክፍት የጅራት አጥንት በጽርዕ ያወጡት ስም ነው። በደሴቶቹ ግን ገመዱን ሌሊት የሚሰድ ዓሣ አጥማጅ ዛሬም «ጎምቤሳ» ይለዋል።